ፊት ለፊት የምታስቀምጠው ቮልስ

ወደ ቁስቋም ማርያም ከሚያወጣው ዳገት ግርጌ፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት ጥቁር ቮልስ ትቆማለች። ቮልስ ሲባል ቶሎ ትዝ የምትለው ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ የቤት መኪና አይደለችም፤ ፒክአፕ ናት። ጀርመኖች ሲሠሯት አፍንጫ አልሰጧትም። ሹፌሩ ከፊት ጎማዎቹ በላይ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ከኋላ በጭነቱ ወለል ሥር ነው፣ በመካከል ደግሞ ከወለሉ በታች በጎን የሚከፈት ሰፊ ሣጥን አላት። ከወለሉ በላይ ያለውን ግን ጀርመን አያውቀውም። እሱን የሠሩት እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሞተዋል። ሁለተኛው ኃይለ መለኮት ነው።

ኃይለ መለኮት የባትላሜራ ባለሙያ ነበር፤ የተጨራመተ መኪና የሚያቃና፣ ከጠፍጣፋ ላሜራ ጭቃ መከላከያና በር የሚያወጣ። አሁን ሰባ ዓመት አልፎታል። ዕድሜ ልኩን መዶሻ ሲጮህበት የኖረው ቀኝ ጆሮው ደንቁሯል፣ ሰው ሲያናግረው ግራውን ያዞራል። መዶሻውን ካስቀመጠ ወዲህ ሥራው አንድ ነው፤ የእድሩን አስከሬን መኪና ይነዳል።

መኪናዋ መጀመሪያ የተለወጠችው ለሬሳ አልነበረም። በደርግ ጊዜ፣ ኃይለ መለኮት ገና ወጣት ሆኖ ጋሽ አብዱልሰላም ከሚባሉ ባለሙያ ሥር ሲሠራ፣ አንድ የዱቄት ነጋዴ ፒክአፗን ይዞ መጣና «ውይይት አድርጉልኝ» አለ። ውይይት ያኔ የከተማው ታክሲ ነበር። በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር ትይዩ ይደረግና ሰው ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ይሄዳል። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። የሌሎቹ ውይይቶች ላይኛ አካል ሸራና ጣውላ ነበር። ጋሽ አብዱልሰላም ግን ቧንቧ በአሸዋ ሞልተው፣ በከሰል እሳት አግለው፣ እንዳይታጠፍ እንዳይሰበር አድርገው አጎበጡና የጣሪያ አጥንት አወጡለት። መስኮቶቹን ከወደቀ አውቶቡስ ቆርጠው ገጠሙ። ላሜራውን ኃይለ መለኮት ቀጠቀጠው፤ መገጣጠሚያው በጣት እንጂ በዓይን አይገኝም። ከጋቢናው ጀርባ የነበረውን መስታወት፣ ሂሳብ የሚቀበሉበት ስለሆነ፣ እንዳለ ተዉት።

አንድ ጊዜ አሮጌ ቮልስ የሚሰበስብ ፈረንጅ መጥቶ፣ ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ሥሯን ፎቶ ካነሳ በኋላ፣ በአስተርጓሚ «እንዲህ ዓይነት ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም» ብሎ ነበር። ኃይለ መለኮት «አንድ ናት» አለና ጨርቁን አንስቶ መስታወት መወልወሉን ቀጠለ።

ውይይቶች ከመንገድ ሲወጡ ነጋዴው ሸጣት፣ እድሩ ገዛት። ኃይለ መለኮት ጥቁር ቀባት። ወንበሮቹን ግን አላነሳም። በሌሎች እድሮች መኪና ሬሳው ብቻውን ከመስታወት ኋላ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ በሌላ መኪና ይከተላል። በዚህች ግን ሣጥኑ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወለሉ ላይ ይሆናል፣ ቤተሰቡ በግራና በቀኝ ይደረደራል። የሟች ልጆች በሟች ላይ ተሻግረው ይተያያሉ። መንገዱ ዳገት ስለሆነ መኪናዋ አትፈጥንም፤ በዚያ ላይ ካህናቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አስከሬኑን ሰባት ቦታ ያሳርፉታል። ሣጥኑ አይወርድም፤ ሰዉ ይወርዳል፣ ይጸለያል፣ ተመልሶ ይገባል፣ በዚያው ቦታው ይቀመጣል። በቤት ቦታ የተካሰሱ ወንድማማቾች ሦስተኛው ማሳረፊያ ላይ ሲላቀሱ ተሰምቷል። ለሽምግልና እምቢ ያሉ እህትማማቾች ስድስተኛው ላይ አንድ ነጠላ ለሁለት ተከናንበው ወርደዋል። ሁሉም አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ጣሪያ ጣሪያ እያዩ የደረሱም አሉ። ቢሆንም ሰፈሩ መኪናዋን በዚህ ያውቃታል።

ኃይለ መለኮት ግን በዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። እሱ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የጋቢናውን ግድግዳ አንዴ ከመታ ይቆማል፣ ሁለቴ ከመታ ይሄዳል። የእጅ ፍሬኑ ከድሮም ያንን ክብደት ችሎ አያውቅም፤ ስለዚህ በየማሳረፊያው ከጎማው ሥር የድንጋይ ታኮ ይደረጋል። እሱ በታኮውም አያምንም። ሌላው ወርዶ ሲጸልይ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ ይቀመጣል። ሰዎች ይህን እንደ ትጋት ያዩለታል።

አንድ ልጅ አለው፣ ሮቤል። ትንሽ ሳለ ከወለሉ ሥር ያለው ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ በእድሩ ገመድና አካፋ መካከል ይተኛ ነበር፤ እናቱ ስትፈልገው ከውስጥ ሆኖ ላሜራውን ሁለቴ ይመታል፣ «ሂድ» ማለቱ ነው። አድጎ ሊድያ የምትባል የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ አገባ፣ ከእሷም ጋር ወደ ጸሎት ቤቷ ሄደ። «ከእድሩም ስሜን ሰርዙልኝ» ብሎ ራሱ ጠየቀ። ኃይለ መለኮት በዚያ ሰሞን መኪናዋን ሁለት ጊዜ ቀባት።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ የሮቤልና የሊድያ ልጅ ሚስጥር በአምስት ወሯ ሞተች። ሮቤል በጠዋት መጣ። አባቱ ጥላው ሥር መስኮት እየወለወለ ነበር።

«አባባ፣ መኪናዋን ፈልጌ ነው።»

«የእድር ናት።»

«የማን እንደሆነች አውቃለሁ። አንተን ነው የጠየቅኩት።»

«ስሜን ሰርዙ ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔን አይደለም እኮ የምትጭነው።»

ኃይለ መለኮት ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀው። «ስብሐትን ልጠይቅ» አለ።

ስብሐት የእድሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የኃይለ መለኮት እኩያ። የቤቱ በር ላይ ቆሞ ኃይለ መለኮትን ሰማውና ኮቱን ደረበ። «ደንቡ ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ እኔን ብትጠይቀኝ አይሆንም ነው የምልህ» አለ። «ደግሞ እኔ አሁን ወደ ሸጎሌ ልሄድ ነው፤ ሲመሽ ነው የምመለሰው። ቁልፉ እንደሁ አንተ ጋ ነው።» ይህን ብሎ ዓይኑን ሳያነሳ አልፎት ሄደ።

ኃይለ መለኮት የተባለው ገብቶታል። ተመልሶ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አስገባ። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ረፈደ። ደንብ ደንብ ነው ብሎ አሰበ፤ ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ይላላል ብሎ አሰበ፤ ደግሞ ማን ተወኝ፣ እሱ አይደል የተወኝ ብሎ አሰበ። ሮቤል ደጁ ላይ ቆሞ ቆሞ ሄደ። ልጁን በኮንትራት ታክሲ፣ ትንሿን ሣጥን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሌላ መቃብር ወስዶ ቀበራት። አያቷ ጽጌረዳ ከጎኑ ተቀምጣ ሄደች። አያቷ ኃይለ መለኮት አልሄደም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ሰው ቀብር ነበር። በስፖኪዮው ሲያይ፣ ከጋቢናው ጀርባ ባለው መስታወት በኩል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አንድ የማያውቀው ወጣት ወደ እሱ እያየ ነበር። ሰውየው የሚያየው መንገዱን ሊሆን ይችላል። ኃይለ መለኮት በማግስቱ መስታወቱን አወጣና ቦታውን በላሜራ ደፍኖ በሪቬት መታው። «ተሰንጥቆ ነው» አለ ለጠየቁት።

ጽጌረዳ ስለዚያ ቀን ከባሏ ጋር አልተጨቃጨቀችም። ሮቤል ቤት እየሄደች ታድራለች፣ ስትመለስ «ደህና ናቸው» ትላለች፣ ወጥ ትሠራለች። የሰው ለቅሶ ሲኖር ግን መኪናዋ ላይ መውጣት ተወች፤ ጉልበቷን እያመማት ዳገቱን በእግሯ ትወጣ ነበር። ስኳሩ ኩላሊቷ ላይ ወጥቶ አልጋ ላይ ሲጥላት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራችው።

«ኃይሌ።»

«አቤት።»

«እኔ ስሞት በዚያች መኪና ነው የምሄደው?»

«ምን ዓይነት ወሬ ነው ደግሞ?»

«መልስልኝ። ወይስ ሌላ ልትከራይልኝ ነው?»

«በሷው ነዋ።»

«እንግዲያው ሮቤልን ጥራልኝ። ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። አንተም ፊት ለፊቱ ተቀመጥ።»

«ማን ይነዳታል ታዲያ?»

«እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ሬሳ ነኝ፤ እኔ ልንዳላችሁ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲለቃት «ቃል ግባ» አለች።

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

ከዚያ ወዲያ ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ ነገረችው። ለስብሐት ነገረችው። በነጋታው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኃይለ መለኮት ከልጁ ፊት ለፊት ሊቀመጥ መሆኑን አወቀ።

መኪናዋን ከኃይለ መለኮት በቀር የነዳት ሰው አልነበረም። ኪሩ የሚባል፣ ሸጎሌ መስመር ላይ ሚኒባስ የሚነዳ የእድሩ አባል ሊማር ፈቃደኛ ሆነ። እሁድ እሁድ ባዶዋን ይዘው ዳገቱን ወጡ።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ!»

«ቀስ አልኩ እኮ ጋሼ።»

«ይኼ ቀስ ነው? ሰው ነው የምትጭነው፣ ድንች አይደለም።»

«ተሳፋሪው እንደሆነ አያማርር።»

«አትቀልድ!»

ሁለተኛ ማርሽ እንቢ ስትል ኃይለ መለኮት ይጮሃል፤ ስትገባም ይጮሃል። መሪውን ጠበቅ አድርገህ ያዝክ፣ ለቀቅ አድርገህ ያዝክ። ኪሩ ግን ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። ሦስተኛው እሁድ ላይ መኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ አቆመና ያለ ታኮ አስነሳት።

«ወደ ኋላ ሸርተት ብላለች» አለ ኃይለ መለኮት።

«አላለችም ጋሼ።»

«ተሰምቶኛል።»

ኪሩ ሞተሩን አጠፋ። እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔ እዚህ የመጣሁት የምነዳው መኪና አጥቼ አይደለም» አለ። «እማማ ጽጌረዳ አስጠርተው ስለለመኑኝ ነው። ሲፈልጉኝ ይደውሉልኝ።» ቁልፉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወረደ።

ማታ ጽጌረዳ «ኪሩ ቻለ?» ብላ ጠየቀች።

«ገና ነው።»

«ሰውየው ስንት ዓመት ሙሉ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሯል።»

«ይቺ ሚኒባስ አይደለችም።»

ጽጌረዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የሞተችው በነሐሴ ነው፣ ጠዋት፣ ሊድያ ውሃ ስታጠጣት። ሮቤል ከሌሊቱ ጀምሮ እዚያው ነበር። አባትና ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ የተነጋገሩት «ብርጭቆውን አቀብለኝ» እና «እንካ» ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ሣጥኑ ወጥቶ መኪናዋ ላይ ተጫነ። ሮቤል ወጣና ከእናቱ በስተቀኝ ተቀመጠ፣ ሊድያ ከጎኑ። ሌሎቹ ዘመዶችም ገቡ። ከሮቤል ትይዩ ያለው ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። አንዲት ከገጠር የመጣች አክስት፣ ነገሩን የማታውቅ፣ ልትቀመጥበት ጎንበስ ስትል ከጎኗ ያለችው ሴት በክርኗ ነካቻት፤ አክስቲቱም ወደ ውስጥ ጠጋ አለች።

ኪሩ ከጋቢናው በር አጠገብ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ስብሐት ጃንጥላ ይዞ በኃይለ መለኮት ግራ ጆሮ በኩል ቀረበ። «በል ኃይሌ፣ ቁልፉን ስጠውና ግባ» አለ በለሆሳስ።

ኃይለ መለኮት አስፋልቱን አየ። «መንገዱ ረጥቧል» አለ።

«ኃይሌ።»

«ታንሸራትታለች እያልኩህ ነው። ጽጌን ገደል ልክተታት? ሌላ ቀን ቢሆን እሺ። ዛሬ አይሆንም።»

«ሌላ ቀን የለም እኮ።»

ኃይለ መለኮት የጋቢናውን በር ከፍቶ ገባና መሪውን ያዘ። ኪሩ የተዘረጋ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ከኋላ ገባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሁለት ጊዜ መታ።

መንገዱን ኃይለ መለኮት ከዚያ ቀን የበለጠ አሳምሮ ነድቶት አያውቅም። ጉድጓዱን ሁሉ ሳያስነካት አለፈ። አንድ ሲመታ ቆመ፣ ሁለት ሲመታ ሄደ። ከላሜራው ኋላ ምን እንዳለ አያይም። የሰው ጫማ ወለሉ ላይ ሲያንኳኳ፣ ሲወርድና ሲወጣ ይሰማል፤ የካህናቱ ዜማ በግራ ጆሮው ይገባል፤ ልቅሶ ይሰማል፣ የማን እንደሆነ አይለይም። የሮቤልን ልቅሶ ጎልማሳ ከሆነ ወዲህ ሰምቶ ስለማያውቅ ቢሰማውም አይለየው ይሆናል። በየማሳረፊያው እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር።

አምስተኛው ማሳረፊያ ላይ የጋቢናው መስኮት ተንኳኳ። ሮቤል ነው። ጸጉሩ በካፊያው ረጥቧል።

«አባባ፣ ውረድ።»

ኃይለ መለኮት ፊት ለፊቱን እንዳየ ቀረ።

«ታኮ አድርጌያለሁ።»

«ድንጋዩ ይንሸራተታል።»

«በእግሬ ይዤው እቆማለሁ። ኪሩም አለ። ወርደህ አጠገቧ ቁም፤ ከዚያ እዚያ ግባና ተቀመጥ። አልናገርህም። ምንም አልልህም።»

ኃይለ መለኮት መሪውን የያዙ እጆቹን አየ። ጥያቄው ቀላል መሆኑ ነው ያስፈራው። ልጁ ቢሰድበው፣ ያቺን የሰኔ ጠዋት ቢያነሳበት፣ ምናልባት በቁጣም ቢሆን ይወርድ ነበር። ቀኝ እግሩ ፍሬኑን የበለጠ ተጫነ።

«ዳገት ነው» አለ።

ከዚያ መስኮቱ ባዶ ሆነ። ካህኑ ጸሎቱን ጨረሰ፣ ሰዎች ወጡ፣ ወንበሮቹ ተንቋቁ። ሁለት ምት መጣ፤ የኪሩ አይደለም፤ ፈጠን ያለ፣ በመዳፍ። ኃይለ መለኮት ማርሹን አስገባ።

ጽጌረዳ ተቀበረች። አፈሩ ሲመለስ ኃይለ መለኮት ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። ሕዝቡ «እግዜር ያጽናህ» እያለ እየተሳለመው አለፈ። ሮቤል ከመቃብሩ ማዶ ቆሞ ቆየ፤ ኃይለ መለኮት ሰዎች ሲሳሙት ቆይቶ ቀና ሲል አጣው።

መኪናዋ ጋ ሲመለስ ኪሩ እጁን አልዘረጋም፤ ዝም ብሎ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኃይለ መለኮት ቁልፉን ሰጠው። ለምን እንደሰጠው ራሱን አልጠየቀም። ሌሎቹ ዘመዶች ቀድመው በእግር ሄደዋል፤ ዞሮ ከኋላ ወጣና ማንም ባልተቀመጠበት ቦታ ተቀመጠ። ወንበሩን ከሠራ ወዲህ ሰውነቱን አሳርፎበት አያውቅም። ሞተሩ ሲነሳ የወለሉ ሙቀት በጫማው ውስጥ ገባ፤ ሐዘንተኞች እግራቸው በዚያ ብርድ እንዲህ ይሞቅ እንደነበር አላወቀም። ወለሉ ላይ ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ደረቅ ነው። ፊት ለፊቱ ባለው ወንበር ላይ የሮቤል ካፖርት ያረጠበው እድፍ አለ።

ከቅጽሩ ወደ አስፋልቱ ለመውጣት አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ጭቃ የሆነ ዳገት አለ። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ከላይ መኪና መጣባቸውና ኪሩ ቆመ። ታኮ የሚያደርግ ሰው የለም። ኃይለ መለኮት ሳያስበው ቀኝ እግሩን ባዶው ወለል ላይ ተጫነ። መኪናው አለፈ። ኪሩ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ ቮልሷም ወደ ኋላ ጣት ያህል ሳትሸራተት ወደ ላይ ወጣች። ሁለተኛ ማርሽ ድምፅ ሳታሰማ ገባች።

ኃይለ መለኮት በተከፈተው የኋላ በር በኩል የሚሸሸውን መንገድ እያየ ቁልቁለቱን ወረደ። አንድ ኩርባ እንዳለፉ ከመንገዱ ዳር ሁለት ሰዎች ታዩት። ሮቤልና ሊድያ በአንድ ጃንጥላ ወደ ታች እየሄዱ ነው። መኪናዋ አልፋቸው ስትሄድ ፊታቸውን አየ። እጁን አነሳና ራሱ የደፈነውን ላሜራ አንድ ጊዜ መታ።

ኪሩ ቆመ።

ባልና ሚስቱ እስኪደርሱ ድረስ ሞተሩ እንደተነሳ ነበር። ኃይለ መለኮት ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠግቶ ጎንበስ አለ።

«ግቡ» አለ። «ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው።»

ሊድያ ባሏን አየች። ሮቤል አባቱን አየ፣ የተቀመጠበትን ቦታ አየ፣ ከዚያም በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን ባዶ ወለል አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«አይ፣ ደርሰናል» አለ።

አልደረሱም፤ ሰፈሩ ገና ሩቅ ነበር። ኪሩ ጋቢናው ውስጥ፣ ከላሜራው ኋላ፣ ምንም ሳያይ ምት ይጠብቃል። ኃይለ መለኮት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ አያንቀሳቅሳቸውም። ዝናቡ ጣሪያውን ይጠበጥባል።

ሮቤል ተራምዶ ቀረበ፣ እጁን አነሳና የመኪናዋን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ።

ኪሩ ማርሹን አስገባና ሄደ።